ከዋናተኝነት ወደ አሰልጣኝነት፦ ከየት ይጀመራል?

ይህን የምጽፈው ለዓመታት ስትወዳደሩ ለኖራችሁ ዋናተኞች ነው። በተለይ ውድድሩ ወደ ማብቂያው እየተቃረበ «ከዚህ በኋላ ምን ልሁን?» የሚለው ጥያቄ እየተመላለሰ ለሚያስቸግራችሁ። ማሰልጠን ቶሎ ወደ ሐሳብ ይመጣል። ጥሩ መልስም ነው። ግን ከመነሻው አንድ ነገር እንግባባ። ውሃውን ሰውነታችሁ ያውቀዋል፤ ዓይናችሁና አፋችሁ ግን ገና አያውቁትም። የአሰልጣኝ ሥራ ደግሞ በዓይንና በአፍ ነው የሚሠራው። የሌላውን ሰው ዋና ታያላችሁ፤ ከዚያ ያያችሁትን ልጁ በሚገባው አጭር ቃል ትነግሩታላችሁ። «ሙያ በልብ ነው» ይባላል፤ አሰልጣኝ ከሆናችሁ ግን በልብ የያዛችሁት ሙያ ለልጁ ምንም አይሠራለትም፣ አውጥታችሁ መስጠት አለባችሁ።

ሜዳሊያ በር ይከፍታል፣ ይህን አልክድም። ክለብ ቶሎ ይቀበላችኋል፣ ወላጅም ስማችሁን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ከበሩ ወዲያ ያለው ግን ሌላ ትምህርት ነው። አንቶኒ ኔስቲን እንይ (ዓመቶቹን የማስቀምጠው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ1988 ሴኡል ላይ፣ በ100 ሜትር ቢራቢሮ፣ ለሱሪናም ወርቅ አመጣ። እሱ 53.00 ገባ፣ አሜሪካዊው ማት ቢዮንዲ 53.01። በግል ውድድር የኦሎምፒክ የዋና ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ነው። ይህን ሁሉ ይዞ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ በረዳት አሰልጣኝነት ሠራ። የወንዶቹን ቡድን በኃላፊነት የተረከበው በ2018 ነው። ከዚያ በኋላ የኦሎምፒክ ሻምፒዮኖቹን ኬቲ ሌዴኪን፣ ኬሌብ ድሬስልንና ቦቢ ፊንክን ሲያሰለጥን ቆይቶ፣ በ2024 ፓሪስ ላይ የአሜሪካን የወንዶች ቡድን መራ። የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ሆኖ ሃያ ዓመት ሰዓት ይዞ ገንዳ ዳር መቆም ቀላል ነገር አይምሰላችሁ።

ቦብ ቦውማን ደግሞ የተለየ ታሪክ አለው። ኮሌጅ ውስጥ ዋኝቷል፤ በዓለም ደረጃ ስሙ የሚነሳ ዋናተኛ ግን አልነበረም። ማይክል ፌልፕስን ከልጅነቱ ይዞ እስከ 23 የኦሎምፒክ ወርቅ አደረሰው። ቆየት ብሎ ደግሞ ሊዮን ማርሻንን አሰለጠነ። ማርሻን በ2023 የ400 ሜትር ድብልቁን (አራቱንም የዋና ዓይነቶች አንድ ዋናተኛ በተራ የሚዋኝበትን) 4:02.50 ገብቶ የፌልፕስን ሪከርድ ሰበረ፤ በ2024 ፓሪስ ላይ በግሉ አራት ወርቅ ወሰደ። ስለዚህ በዋናተኝነታችሁ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ደርሳችሁ ከነበረ እሱን አትመኩበት፤ ካልደረሳችሁም አትሸማቀቁ።

ገና እየዋኛችሁ ጀምሩት

አሁንም ልምምድ ላይ ካላችሁ አንድ ደብተር ያዙ። ዛሬ ምን ዋኛችሁ፣ በስንት ገባችሁ፣ ስንት ዕረፍት ወሰዳችሁ፣ ምን ተሰማችሁ፤ ሁሉንም ጻፉት። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ከጎኑ የምታስቀምጡት «ለምን?» ነው። አሰልጣኛችሁ ማክሰኞ ወገብ የሚቆርጥ ልምምድ ሰጥቶ ረቡዕ ለምን አቀለለው? ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ርቀቱን ለምን ቀነሰው? መጀመሪያ ራሳችሁ ገምቱ፣ ግምታችሁን ጻፉ፣ ከዚያ ልምምዱ ሲያልቅ ጠይቁ። «ኮች፣ ዛሬ ለምንድነው ያን ያህል በእግር ብቻ ያስዋኙን?» ስትሉት የሚከፋው አሰልጣኝ ብዙም አላየሁም። አብዛኞቹ እንዲያውም የሚጠይቃቸው አጥተው ነው።

ግድግዳ ይዛችሁ በምታርፉባቸው ሰከንዶችም ሥራ አለ። ከጎን መስመር ያለውን ሰው ተመልከቱ። 25 ሜትሩን በስንት ቀዘፋ ጨረሰው? መጀመሪያ ላይ 16 የነበረው በመጨረሻው ዙር 21 ከሆነ ደክሞታል ማለት ብቻ አይደለም፤ ከድካሙ ጋር የሆነ ነገር ፈርሷል። ምኑ ነው የፈረሰው? ክርኑ ነው የወደቀው? ዳሌው ነው የሰመጠው? እጁ ከውሃው ቶሎ እየወጣ ነው? ይህን ጥያቄ በየቀኑ ለራሱ የሚያቀርብ ዋናተኛ፣ ውድድር ባቆመ ማግስት ገንዳ ዳር ሲቆም ባዶ እጁን አይሆንም።

ከተቻለ በሳምንት አንድ ቀን ከጀማሪ ልጆች ጋር ቁሙ። ከጎበዞቹ ጋር አላልኩም፣ ከጀማሪዎቹ። ፊቱን ውሃ ውስጥ መክተት የሚፈራ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ጠርዙን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ ሲያያችሁ፣ የእናንተ የ200 ሜትር ሰዓት ለእሱ ምንም ማለት አይደለም። እናንተ ውሃን ያልፈራችሁበትን ቀን ብቻ ነው የምታስታውሱት፤ ስለዚህ ደረጃ በደረጃ መፍጠር አለባችሁ። መጀመሪያ አገጩ ብቻ ውሃውን ይንካ። ቀጥሎ አፉን ከትቶ አረፋ ያውጣ። ከዚያ አፍንጫው፤ እዚህ ላይ «እምምም» እያለ እንዲያንጎራጉር ንገሩት፣ አየሩ በአፍንጫው ስለሚወጣ ውሃው አይገባበትም። ዓይኑ የመጨረሻው ነው። ልጁ ራሱ «ልድገመው?» ሲል ወደሚቀጥለው ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ በፊት አይደለም። አንድን ነገር በጣም ትንንሽ አድርጎ መከፋፈል የሚባለውን ችሎታ ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ቦታ የለም፤ በኋላ የዓለም ሻምፒዮና ዋናተኛ ብታሰለጥኑም የምትጠቀሙት ይህንኑ ነው።

ውድድር ያቆማችሁ ሰሞን

ይህ ጊዜ ከባድ ነው፣ ማንም በደንብ አይነግራችሁም። ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት የሚነሳው ሰውነታችሁ አሁንም ይነሳል፣ የሚሄድበት ግን የለውም። የምግብ ፍላጎቱም እንደ ድሮው ነው፣ የሚያቃጥለው ልምምድ ግን ቆሟል። «ዋናተኛ ነኝ» ብሎ ራሱን ያስተዋወቀ ሰው ድንገት ምን ብሎ እንደሚያስተዋውቅ ይጨንቀዋል። በድንገት አታቁሙ፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ቀለል አድርጋችሁ ዋኙ፣ ከውሃ ውጭ የሆነ ሌላ እንቅስቃሴም ያዙ። ሐዘኑ ከበረታና ከቆየ ባለሙያ ማነጋገር ነውር የለውም።

እባካችሁ ግን አንድ ነገር አደራ። ያልጨረሳችሁትን ውድድር በልጆቹ ላይ ለመጨረስ አትሞክሩ። ሜል ማርሻል የምትባል እንግሊዛዊት ነበረች። በ2004 በ200 ሜትር ነጻ ቀዘፋ የዓመቱን የዓለም ፈጣን ሰዓት ይዛ አቴንስ ሄዳ ፍጻሜው ውስጥ መግባት አልቻለችም። ልብ የሚሰብር ነገር ነው። በኋላ አሰልጣኝ ስትሆን አዳም ፒቲ የሚባል ታዳጊ እጇ ገባ። የራሷ ውድድር ነጻ ቀዘፋ ስለነበር እሱንም ወደዚያ አልጎተተችውም። የልጁ ስጦታ የደረት ዋና መሆኑን አይታ እሱን ያዘች። ፒቲ በ2016 ሪዮ ላይ 100 ሜትሩን 57.13 ገብቶ በዓለም ሪከርድ ወርቅ ወሰደ፣ ቶኪዮ ላይም ደገመው። የልጁን ዋና ማየት ማለት እንዲህ ነው።

ሌላው ቶሎ መቆረጥ ያለበት ነገር፣ ትናንት አብራችሁ ስትዋኙ የነበሩትን ጓደኞች ዛሬ ለማሰልጠን አትቸኩሉ። እነሱም ይቸገራሉ፣ እናንተም። ቢያንስ አንድ የውድድር ዓመት ከሌላ የዕድሜ ቡድን ጋር ሥሩ።

የምስክር ወረቀትና የሕይወት ጉዳይ

የአሰልጣኝነት ኮርስ በየአገሩ ስሙም ደረጃውም ይለያያል። የአገራችሁን የዋና ፌዴሬሽን ጠይቁና ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሩ። ሻምፒዮን ስለነበራችሁ ደረጃ ለመዝለል አትለማመጡ፤ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ የሚሰጠው የልጆች ዕድገትና የደህንነት ትምህርት ዋናተኛ ሆናችሁ ያልተማራችሁት ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የነፍስ አድንና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና። ይህን ሳትይዙ ልጅ ይዛችሁ ውሃ ዳር አትቁሙ፣ በቃ። የሚሰጥም ሰው ብዙ ጊዜ አይጮህም፤ እጁንም አያውለበልብም። አፉ ውሃው ላይና ታች ይላል፣ ፊቱን ወደ ላይ ያቀናል፣ ዝም ይላል። ለመጥራት አየር ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ያጣው አየር ነው። ልብ ቆሞ የመጣ ችግርና በውሃ የመጣ ችግር አንድ አይደሉም፤ የሰጠመ ሰው መጀመሪያ ያጣው ኦክስጅን ስለሆነ ደረት መጫን ብቻውን አይበቃውም፣ ትንፋሽ መስጠት ያስፈልጋል። አሠራሩን ከሚያስተምር ሰው በአካል ተማሩት፣ በየጊዜው አድሱት።

ከዋናተኝነት የመጣ ሰው በተለይ ሊጠነቀቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በውሃ ውስጥ ትንፋሽ ይዞ ማን ርቆ ይሄዳል የሚለው ጨዋታ። ልጆች ከመግባታቸው በፊት ቶሎ ቶሎ በኃይል ይተነፍሳሉ፣ አየር ያጠራቀሙ መስሏቸው። የሚሆነው ሌላ ነው። በደማቸው ያለው ኦክስጅን ብዙም አይጨምርም፤ የሚቀንሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። «ውጣና ተንፍስ!» ብሎ የሚያስጨንቀን ደግሞ በዋናነት ይኸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ሳይመጣ ኦክስጅኑ ያልቅና ልጁ ውሃው ውስጥ ራሱን ይስታል። ያለ ድምፅ። በዚህ መንገድ የሞቱ ጠንካራ ዋናተኞች አሉ፣ ከደካሞቹ ይልቅ እንዲያውም እነሱ ናቸው የሚጋለጡት። እናንተ ባላችሁበት ገንዳ ይህ ጨዋታ ክልክል ይሁን። ሕጉ ውድድር ላይ በውሃ ውስጥ ከ15 ሜትር በላይ መሄድን በነጻ፣ በጀርባና በቢራቢሮ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ለውድድር ብላችሁም ረጅም ርቀት የምታስሄዱበት ምክንያት የለም።

ዝላይም እንዲሁ። የማታውቁት ገንዳ ስትሄዱ የመነሻ መድረኩ ሥር ያለውን ጥልቀት ሳታዩ ማንንም አታስዘልሉ።

ልጆችን ከመጠበቅ አንፃር ደግሞ ደንቡ አጭር ነው። ከአንድ ልጅ ጋር ሰው በማያይበት ቦታ ብቻችሁን አትሁኑ። መልበሻ ክፍል የልጆቹ ነው። ለልጅ በግል መልእክት አትላኩ፤ ወላጁ ባለበት ግሩፕ ላይ ጻፉ። ፎቶም ቪዲዮም ያለ ወላጅ ፈቃድ አይነሳም። ክብደትን በሰው ፊት አንስታችሁ አትናገሩ፣ ለማንም፤ በተለይ በጉርምስና ዕድሜ ያሉ ልጆች ያን አንድ ቃል ይዘው ምግብ መሸሽ ሊጀምሩ ይችላሉ። እነዚህ ደንቦች ልጁን ይጠብቃሉ፣ እናንተንም ይጠብቃሉ።

ማየት መማር

አሁን ወደ ሥራው እምብርት እንግባ። አዲስ አሰልጣኝ ገንዳ ዳር ቆሞ ሁሉንም ነገር አንድ ላይ ለማየት ይሞክራል፣ በመጨረሻም ውሃ ሲረጭ ብቻ ያያል። ከፋፍላችሁ እዩ። በመጀመሪያው ዙር ራሱን ብቻ። በሚቀጥለው ዳሌውን። ከዚያ እጁ ውሃ የሚገባበትን ቦታ። ከዚያ እግሩን። ቦታም ቀይሩ፤ ከጎን ሆናችሁ ዳሌና ክርን ይታያችኋል፣ ከፊት ለፊት ጫፍ ላይ ሆናችሁ ደግሞ እጁ መሀል መስመሩን እየተሻገረ መሆን አለመሆኑ።

ችግሩ ያለው የምታዩት ነገር ብዙ ጊዜ መንስኤው አለመሆኑ ነው። እግሩ የሚሰምጥ ልጅ እዩ። አዲስ አሰልጣኝ «እግርህን አጠንክር!» ብሎ ይጮኻል። ልጁ ይታዘዛል፣ እግሩን ያርገበግባል፣ በ50 ሜትር ውስጥ ትንፋሹ ያልቃል፣ እግሩ ግን አሁንም ይሰምጣል። ቀና ብላችሁ ራሱን ብታዩ ወደ ፊት እያየ ነው የሚዋኘው። ራስ ሲነሳ ዳሌ ይወርዳል፣ ዳሌ ሲወርድ እግር ይከተላል። «ከታችህ ያለውን ጥቁር መስመር እየው» ብትሉት ስለ እግሩ አንድም ቃል ሳትናገሩ እግሩ ይነሳል። ሌላ ምሳሌ፦ በሚተነፍስበት ቅጽበት እግሮቹ እንደ መቀስ የሚከፈቱ ልጅ አለ። እግሩ ምንም አላጠፋም። ሲተነፍስ የፊት እጁ ወደ መሀል ተሻግሮ ሚዛኑን ስለሚስት እግሩ ሚዛን ሊጠብቅለት ነው የሚከፈተው። እጁን በትከሻው ልክ ቀጥ አድርጎ እንዲያስገባ አስተምሩት፣ መቀሱ በራሱ ይዘጋል።

ስልካችሁ ላይ ያለው ካሜራ በዝግታ ማጫወት ከቻለ ትልቅ ሀብት ነው። በ1972 ኦሎምፒክ ሰባት ወርቅ የወሰደውን ማርክ ስፒትዝን ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ላይ ያሰለጠነው ጄምስ ካውንስልማን፣ እሱም ራሱ የቀድሞ ዋናተኛ፣ ዋናተኞቹን በውሃ ውስጥ በፊልም እየቀረጸ ያጠና ነበር፤ ዛሬ ያ መሣሪያ በሁላችን ኪስ አለ። ዋናተኛው ሳይኖር አንዱን ቪዲዮ ደጋግማችሁ እዩ። መጀመሪያ ያለድምፅ፣ ምንም ሳትፈርዱ። ከዚያ የምታዩትን ጻፉ። ከዚያ ከጻፋችሁት ውስጥ የቱ የቱን እንደሚያመጣ በቀስት አገናኙ። የቀስቱ ሁሉ መነሻ የሆነው ነገር ነው የነገ ልምምዳችሁ።

ግድግዳውንም አትርሱ። ስለ ኔስቲና ስለ ቢዮንዲ የነገርኳችሁ አንድ መቶኛ ሰከንድ የተገኘው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቢዮንዲ አንድ ቀዘፋ ከመጨመር እጁን ዘርግቶ ተንሸራቶ መግባትን መረጠ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2008 ቤጂንግ፣ በዚያው በ100 ሜትር ቢራቢሮ፣ ፌልፕስ 50.58 ሚሎራድ ቻቪች 50.59። ቻቪች ሲንሸራተት ፌልፕስ ግማሽ ቀዘፋ ጨምሮ ነካ። ይህ የሚሠራው በየቀኑ ልምምድ ላይ ነው። ልጆቹ እያንዳንዱን ዙር እጃቸው ግድግዳውን እስኪነካ ድረስ በሙሉ ፍጥነት መጨረሳቸውን የሚያይ ሰው ካለ ይጨርሳሉ። እናንተ በዚያች ሰከንድ ስልክ እያያችሁ ከሆነ መንሸራተት ይለምዳሉ።

መናገር መማር

ዋናተኛ ጆሮው ውስጥ ውሃ አለ፣ ራሱ ላይ ኮፍያ አለ፣ ትንፋሹም ተቆርጧል። ረጅም ንግግር አይሰማም። ጎንበስ ብላችሁ ወይም ቁጢጥ ብላችሁ በዓይኑ ልክ ሁኑና አንድ ነገር ብቻ ንገሩት። አንድ! ሦስት ስህተት ብታዩ ሁለቱን ዋጡት፣ ለነገ ይቆያሉ።

ሁለተኛ፣ እንዲያደርግ የምትፈልጉትን ንገሩት እንጂ እንዳያደርግ የምትፈልጉትን አትንገሩት። «ራስህን አታንሳ» ሲባል ልጁ የሚያስበው ስለ ማንሳት ነው። «መስመሩን እየው» ሲባል የሚሠራው ነገር አገኘ።

ሦስተኛውን ዋናተኛ የነበራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፦ የተሰማውና የሆነው አንድ አይደለም። እጁ እየተሻገረ ያለ ልጅ ቀጥ ብሎ የገባ ነው የሚመስለው። ስለዚህ «በጣም ሰፊ አድርገህ፣ እስኪያስጠላህ ድረስ ሰፊ አድርገህ አስገባ» በሉት። እሱ የተጋነነ ሲመስለው ትክክል ይሆናል። ያኔ ወዲያው «አሁን ምን ተሰማህ?» ብላችሁ ጠይቁት፣ ያንን ስሜት በራሱ ቃል ይሰይመው። ከዚያ በኋላ እናንተ የምትጠቀሙት የእሱን ቃል ነው። አንዷ ልጅ «በር እንደምከፍት» ካለች፣ ከገንዳው ማዶ ሆናችሁ «በር!» ማለት ይበቃል።

አዲስ ነገር ስታስተምሩ ሰዓቱ መጀመሪያ ሊበላሽ እንደሚችል ቀድማችሁ ንገሩ። ካልነገራችሁት ሁለተኛው ሳምንት ላይ ወደ ድሮው ይመለሳል።

ሰዓትና ዕቅድ

«እኔ በልጅነቴ በቀን ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እዋኝ ነበር» እያላችሁ የራሳችሁን ልምምድ ለሌላ ሰው አትስጡ። ሰዓቱን ለኩና ለእሱ ስሩለት። ቀላል መንገድ አለ። በአንድ ልምምድ 400 ሜትር እና 200 ሜትር፣ በመሀል በቂ ዕረፍት ሰጥታችሁ፣ በሙሉ አቅም ይዋኝ። 400ውን በ6:00፣ 200ውን በ2:50 ገባ እንበል። ልዩነቱ 190 ሰከንድ ነው፣ ለ200 ሜትር። ለ100 ሜትር 95 ሰከንድ፣ ማለትም 1:35። ይህ ፍጥነት ሳይፈርስ ለረጅም ጊዜ ሊይዘው የሚችለውን ወሰን በግምት ያሳያል። ከዚህ ተነስታችሁ 100 ሜትርን አሥር ጊዜ በየ1:50 አስነሱት፤ እያንዳንዱን ወደ 1:35 እየገባ 15 ሰከንድ ያርፋል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ 1:42 ከሆኑ ዕቅዱ ከብዷል፣ ሁሉም 1:31 ከሆኑ ቀሏል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይታችሁ እንደገና ለኩ።

በአንድ መስመር ስድስት ልጅ ስታስገቡ ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ። በአምስት ሰከንድ ልዩነት ከተነሱ የመጨረሻው የሚነሳው የመጀመሪያው ከተነሳ ከ25 ሰከንድ በኋላ ነው። ፈጣኑ ልጅ 25 ሜትሩን ደርሶ ሲዞር የመጨረሻው ገና ግድግዳው ላይ ነው፣ መመለሻው ላይ ይጨናነቃሉ። ፈጣኖቹን ከፊት አድርጉ፣ ሁሉም የመስመሩን አንድ ጎን ይዞ ይሂድ፣ የቀደመ ሰው ግድግዳው ላይ ለሚመጣው ቦታ ይልቀቅ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ብዙ አዲስ አሰልጣኝ የመጀመሪያ ወሩን የሚያባክነው በዚህ ነው።

ከውድድር በፊት ርቀቱን መቀነስ፣ ቴፐር የሚባለው፣ ለዋናተኛ አዲስ አይደለም። ለአሰልጣኝ የሚከብደው እጅን መሰብሰብ ነው። ርቀቱን ቀንሱ፣ ፍጥነቱን ግን አትተዉት፤ ሰውነቱ የውድድሩን ፍጥነት እንዳይረሳ አጫጭር የውድድር ፍጥነት ያላቸው ዙሮች ይኑሩ። በመሀል «ከብዶኛል፣ ሰውነቴ ዝሏል» የሚል ልጅ ይኖራል። አትደንግጡ፣ ልምምድ አትጨምሩበት።

ስለ ዕድሜ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ሴቶች ልጆች ብዙውን ጊዜ በ11 እና 12፣ ወንዶች በ13 እና 14 ዓመት አካባቢ በፍጥነት ቁመት ይጨምራሉ። በዚያ ሰሞን እጅና እግራቸው ይረዝማል፣ ቅንጅታቸው ይበላሻል፣ ሰዓታቸው ይቆማል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይሄዳል። ልጁ ሰነፈ ማለት አይደለም። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ሁሉንም የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ያደገው ነው፤ ወደ ኋላ የቀረው ቀጭን ልጅ ከአራት ዓመት በኋላ የት እንደሚደርስ ማንም አያውቅም። በዚህ ዕድሜ አራቱንም የዋና ዓይነቶች ይዋኙ፣ አንዱ ላይ አታጣብቋቸው። ትከሻዬን አመመኝ የሚል ልጅም «ቻለው» አይባልም። ርቀቱን ቀንሱ፣ አዋዋኙን እዩ፣ ካልተወው ወደ ሐኪም።

የውድድር ቀንና ወላጆች

በውድድር ቀን አዲስ ነገር አታስተምሩ። የሚያስፈልገው ሁሉ ልምምድ ላይ ተሠርቶ ማለቅ አለበት። በ2008 ቤጂንግ፣ በ200 ሜትር ቢራቢሮ ፍጻሜ፣ የፌልፕስ መነጽር ውሃ ሞላ። ግድግዳው አልታየውም። ስንት ቀዘፋ እንደሚያስፈልገው ስለሚያውቅ እየቆጠረ ገባ፤ 1:52.03፣ የዓለም ሪከርድ። የእናንተ ልጆችም ቀዘፋቸውን መቁጠር ይልመዱ፣ አንዳንዴ ልምምድ ላይ ያለመነጽር ይዋኙ። የጀርባ ዋና ላይ ከግድግዳው 5 ሜትር ላይ የተሰቀሉት ባንዲራዎች ካለፉ በኋላ ስንት ቀዘፋ እንደሚቀራቸው ሁሉም ማወቅ አለበት፤ ይህን የማያውቅ ልጅ ራሱን ይመታል።

ከውሃው ሲወጣ ስለ ሰዓቱ ከመናገራችሁ በፊት «እንዴት ነበር?» በሉት። እሱ ከተናገረ በኋላ አንድ ጥሩ የሠራውን፣ አንድ ለነገ የሚሠራውን። ሌላው ትንታኔ እንቅልፍ ተተኝቶበት ይደርሳል።

ወላጆችን በዓመቱ መጀመሪያ ሰብስቡ። ምን እንደምታስተምሩ፣ በምን መንገድ ሊያገኟችሁ እንደሚችሉ፣ ልምምድ ላይ ከገንዳው ዳር ሆነው ልጃቸውን ማሰልጠን እንደሌለባቸው፣ በትህትና ግን በግልጽ ንገሯቸው። «ልጄ ለምን ከእገሊት ጋር አንድ መስመር አልገባም?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ምክንያቱን በሰዓትና በደብተር ካስረዳችሁ አብዛኛው ወላጅ ይገባዋል።

ሥራ ስትፈልጉ

ክፍያው መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፣ ሰዓቱም ጎህ ሳይቀድና ምሽት ላይ ነው። ስለዚህ ሌላ መተዳደሪያ አብራችሁ ያዙ፣ ወይም ከትምህርታችሁ ጋር አስኬዱት። በዋና አሰልጣኝነት ቶሎ ሹሙኝ ማለትም አይጠቅማችሁም፤ የሚጠቅማችሁ ጥሩ ሰው ሥር ረዳት መሆን ነው። ክለብ ስትመርጡ የዋንጫ መደርደሪያውን አትዩ። አንድ ሙሉ ልምምድ ዳር ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ዋና አሰልጣኙ የመጨረሻው መስመር ላይ ያሉትን ልጆች በስማቸው ይጠራቸዋል? የነፍስ አድን ሰው አለ? ረዳቶቹ ሲናገሩ ይሰማቸዋል? ከዚያ ሲጨርስ ቀርባችሁ ጠይቁት፦ «የዛሬ አምስት ዓመት የ12 ዓመት ልጆች የነበሩት ዋናተኞቻችሁ አሁን 17 ሆነዋል፤ ስንቶቹ አሁንም ይዋኛሉ?»